ሊኑክስ ላይ ዩቲዩብ እየተቆራረጠ ላስቸገራችሁ

የአዳማ ሙቀት ለብቻው ይበቃል። የእህቴ ላፕቶፕ ደግሞ ዩቲዩብ በከፈተች ቁጥር ፋኑ ይጮሃል፣ ቪዲዮው ይቆራረጣል። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጫንኩላት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ አሳስቦኝ ነበር። እሷ የጠረጠረችው ኔትወርኩን ነው። ጉዳዩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ምረጡ። «ኮዴክስ» (Codecs፣ ቪዲዮው የታመቀበት ፎርማት) ከሚለው ጎን «ቪፒ09» (vp09) ወይም «ኤቪ01» (av01) ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ሁለቱም የፈጠራ መብት ክፍያ የማይጠየቅባቸው ፎርማቶች ናቸው፤ ይህን በጣም እወድላቸዋለሁ። ነገር ግን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቪፒ9ን በሃርድዌር፣ ማለትም ለቪዲዮ በተሠራ የራሱ ክፍል፣ በሙሉ አቅም ማጫወት የጀመሩት ከ7ኛው ትውልድ፣ ኤቪ1ን ከ11ኛው ትውልድ ነው። የእህቴ 3ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ሲፒዩው (ዋናው አስሊ ክፍል) ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፋየርፎክስ ላይ «ኤች264ኢፋይ» (h264ify) የሚባል ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ጫኑ። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ቆየት ባለው የኤች.264 ፎርማት እንዲልክ ያደርገዋል፤ ያን ደግሞ አሮጌ ማሽንም ይችለዋል። ፋየርፎክሳችሁን አፕዴት ማድረግ አትርሱ፤ የኢንቴል ሃርድዌርን ሊኑክስ ላይ ለቪዲዮ በራሱ መጠቀም የጀመረው ከ115ኛው ቨርዥን ወዲህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኤች.264 ለተመሳሳይ ጥራት ዳታ በዛ አድርጎ ይበላል። በፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ጥራቱን 480ፒ ላይ አድርጉት። እህቴ አሁን ትምህርቷን የምትከታተለው እንደዚያ አድርጋ ነው፤ ፋኑም ጸጥ ብሏል።