ከአረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች ኮምፒውተር ስታስተምሩ

በመጀመሪያው ቀን ሞኒተር፣ ሲፒዩ፣ ኪቦርድ እያላችሁ የዕቃ ስም አታስጠኑ። እኔ ሞክሬዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ከዘጠኙ ተማሪዎች አራቱ ሳይመጡ ቀሩ።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከቤይሩት፣ ከጅዳና ከኩዌት የተመለሱ ናቸው። እኔም ቤይሩት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ኮምፒውተሩን የሚፈሩት ስላልተማሩ ብቻ አይደለም። ብርጭቆ ሲሰበር ከደሞዝ የሚቆረጥበት ቤት ኖረው ነው። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ትምህርት ማበላሸት ነው። አንድ ገጽ ጽሑፍ እከፍትና «አጥፊው» እላለሁ። ድርግም ይላል። ከዚያ ኮንትሮልና ዜድ ቁልፎችን አንድ ላይ። ይመለሳል። እስኪስቁ ድረስ እናጠፋለን፣ እንመልሳለን።

በስልክ ኢሞ ሲደውሉ ስለኖሩ ስክሪኑን በጣት ይነካሉ። አትሳቁባቸው። ማውስ ለማስለመድ ሶሊቴር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ከእኔም ይሻላል።

በአማርኛ ለመጻፍ ኪማን የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ፤ ነጻ ነው። ኤልን ሲጫኑ ል፣ ዩ ሲጨምሩበት ሉ፣ ኦ ከሆነ ሎ ይወጣል። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ቴክስት ሲያደርጉ ለኖሩ ይህ ቀላል ነው።

ምን ይጻፉ? «የደረሰብሽን ጻፊ» አትበሉ። መናገር ከፈለገች በራሷ ጊዜ ትናገራለች። እኔ የሽሮ አሠራር አስጽፋለሁ። አንዴ ነጭ ሽንኩርቱ ከበርበሬው በፊት ነው፣ የለም በኋላ ነው ብለው ተጣሉ። መስመሯን ቆርጠው ወደ ላይ፣ ቆርጠው ወደ ታች። ከትና ፔስት (ቆርጦ መለጠፍ) መማሩ በዚያው አለቀ።

ኤክሴልን (የሠንጠረዥና የሂሳብ ፕሮግራሙን) በዕቁብ ጀምሩ። አሥራ ሁለት ስም፣ በየስሙ ፊት 500 ብር፣ ከታች ድምር። 6,000 ሲመጣ አንዷ እናት ማሽኑን አላመኑትም፤ በጣታቸው ቆጠሩ። ልክ ነው። ከዚያ የአንዷን 500 ወደ 1,000 ቀየርኩት። ድምሩ ራሱ 6,500 ሆነ። «ማን ነካው?» አሉ፣ ዞር ብለው እያዩ። ያን ቀን ሰዓት አልፎም ከወንበራቸው አልተነሱም።

ኢሜል ስትከፍቱላቸው ፓስወርዱን እናንተ አትያዙ። ቢረሱትም። ፓስፖርቷን አሠሪ ቆልፎባት የኖረች ሴት ፓስወርዷን ራሷ ትያዝ። ደብተሯ ላይ ጽፋ ብትወስደው ይሻላል።

ክፍለ ጊዜውን ልጅ ከትምህርት ቤት ከመውጣቱ በፊት የሚያልቅ አድርጉት። መብራት ስለሚጠፋ አሮጌም ቢሆን ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል።

ሥራ ትቀጠሪያለሽ ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ይህ ኮርስ ብቻውን አያስቀጥርም። ሲቪውን አብራችሁ ሥሩ። «ምንም ሙያ የለኝም» ትላችኋለች፤ ወዲያው ስልኳ ሲጮኽ አረብኛውን ታንበለብለዋለች። እሱን ከላይ ጻፉላት። ወረዳና ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ዞራችሁ ጠይቁ፤ ማመልከቻ ቶሎ የምትጽፍ ሴት ይፈልጋሉ። እኔ ሁለቱን ያስገባሁት እንዲህ በእግሬ ዞሬ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሲቪዋን፣ አንድ የሥራ ማመልከቻና የዕቁብ ሠንጠረዧን በፍላሽ ስጧት። ብዙዎቹ ፍላሹን ከቤት ቁልፋቸው ጋር ያንጠለጥሉታል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሰኩት ግን ቫይረስ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ ሦስቱንም ለራሷ ኢሜል ልካ ታስቀምጥ።