«ኮንፊደንስ» ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ልጁ ኮንፊደንስ የለውም» ሲባል ሁላችንም ይገባናል። ሰው ፊት ሲቆም ድምፁ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ቃሉ ግን ሆደ ሰፊ ነው። እምነትም ማጭበርበርም እዚያው ውስጥ ያድራሉ።

በራስ መተማመን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

የላቲኑ ሥር «ማመን» ነው። ማንን እንደሚያምኑ አይናገርም። በ1979 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን መንግሥት በፓርላማ 311 ለ310 ተሸንፎ ወደቀ። ሰውየው በራሳቸው አልተጠራጠሩም፤ ያጡት የሌሎችን አመኔታ ነው። እኛ «የመተማመኛ ድምፅ» የምንለውን እንግሊዝኛው የ«ኮንፊደንስ» ድምፅ ይለዋል። «ኮንፊደንሻል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ደግሞ የሚያወራው ስለ ምስጢር ነው።

«ኮን ማን» ማለት የቀድሞ እስረኛ ነው ማለት

«ኮን ማን» በእንግሊዝኛ አጭበርባሪ ማለት ነው። እስረኛም «ኮን» ስለሚባል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአጭበርባሪው «ኮን» ግን ከኮንፊደንስ የተቆረጠ ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ዊልያም ቶምፕሰን የሚባል ዘናጭ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ያገኘውን ባለገንዘብ እንደ ድሮ ወዳጅ ጠጋ ብሎ ያጫውተዋል። ወሬው ሞቅ ሲል፣ በእኔ እምነት ካለዎት ሰዓትዎን እስከ ነገ ይተዉልኝ ይለዋል። ጨዋ ሰው ፊት ለፊት «አላምንህም» ማለት ያፍራል። ስለዚህ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል። የ110 ዶላር የወርቅ ሰዓት የተበላ አንድ ሰው ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ አይቶት አስያዘው። ጋዜጦቹ «ኮንፊደንስ ማን» አሉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

እምነት ማጉደልንና ማታለልን መደባለቅ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሁለቱን ለይቷቸዋል። ላፕቶፕህን «አስቀምጥልኝ» ብለህ ለጓደኛህ ሰጠኸው፤ እሱ ሸጠው። ይህ እምነት ማጉደል ነው፣ አንቀጽ 675። አንዱ ደግሞ የሌለ መኪና «ከጉምሩክ ላስወጣልህ» ብሎ ብር ተቀበለህ። ይህ ማታለል ነው፣ አንቀጽ 692። በአንደኛው አደራው እውነት ነበር፣ በኋላ ተበላ። በሁለተኛው ከመጀመሪያውም ውሸት ነው። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» የሚለው ተረት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለ675 እንጂ ለ692 አይሆንም። ፈረሱ ሲገዛ ለመጣል አላሰበማ!

አጭበርባሪ «እመነኝ» እያለ ይለምናል ብሎ መጠበቅ

ይህኛው ስህተት እኔንም አስከፍሎኛል። መርካቶ አንድ ልጅ ስልክ ሊሸጥልኝ መጣ። ስጠራጠር ጊዜ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይዘኸው ሂድና እዚያ ማዶ ሱቅ አስፈትሽ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።» ስልኩን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ባለሱቁ «ኦርጅናል ነው» አለኝ። ስመለስ ልጁ የቆመበት ቆሟል። በመጠርጠሬ አፈርኩ። ቀድሞ ያመነኝ እሱ ነዋ! ዋጋ እንኳን ሳልከራከር ከፈልኩ። ስልኩን በካርቶኑ አድርጎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው ካርቶኑ ውስጥ የልብስ ሳሙና ተኝቷል። ክብደቱ ልክክ ያለ ነው፣ መቼም ሙያ አይናቅም።

ዝም ማለት

አማርኛችን ላይ «አመነ» ሌላም ፍቺ አለው፤ ጥፋቱን አመነ፣ መሸወዱን አመነ እንላለን። የተጭበረበረ ሰው ደግሞ ይህኛው ማመን ነው የሚከብደው። ኪሱ የተገባበት ሰው ሰፈሩን በጩኸት ያናውጣል። በገዛ እጁ ቆጥሮ የሰጠ ግን ምን ብሎ ይጩህ? ልጁም እዚያው ማዕዘን ላይ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

እኔ ለእናቴ «ታክሲ ውስጥ ሰረቁኝ» ነው ያልኳት። ሳሙናውን ግን ታጠበችበት።