ወፍ ዋሻን እንዴት እንጎብኘው፦ ከጅብራው ጀምሮ እስከ ዝግባው

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ወፍ ዋሻን በስም ያውቀዋል። ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። «ጫካ አይደል? ምን ይታያል?» ይላሉ። እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የምለው። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። አንዳንዱ ግን ሳይዘጋጅ ሄዶ፣ ጉልበቱ ዝሎ፣ አንድም ዛፍ በስሙ ሳያውቅ ይመለሳል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የምትሄዱበትን እወቁት። ወፍ ዋሻ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል፣ ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደል ላይ ያለ ደን ነው። በአገሪቱ ረጅም ታሪክ ካላቸው ደኖች አንዱ ነው። ከ1434 እስከ 1468 በፈረንጆች አቆጣጠር የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ ማለት ነው፣ ከዚህ የጥድ ዘር አስወስደው የመናገሻ ሱባን ደን አስተከሉ ይባላል። ስለዚህ መናገሻ ሄዳችሁ ጥድ አይታችሁ ከሆነ የወፍ ዋሻን ዘመድ አይታችኋል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጉብኝቱን የሚያሳምረው ይሄ ነው። ለንደን ውስጥ ኪው የሚባል በፈረንጆች በ1759 የተመሠረተ የዕፅዋት መናፈሻ አለ። ከ1844 እስከ 1848 የተሠራ የመስታወት ቤት አለው፣ ለዘንባባዎች። በ1987 የተከፈተው ዘመናዊው የመስታወት ቤት ደግሞ 10 ዓይነት የአየር ጠባይ በኮምፒውተር እየተቆጣጠረ አንድ ጣራ ስር ይዟል። አንዱን በር ሲከፍቱት በረሃ ነው፣ ሌላውን ሲከፍቱት ሙቀትና ወበቅ። ጎብኚው ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ የዓለምን ዕፅዋት ያያል። እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚሠራው ገደሉ ነው። ወፍ ዋሻ ከ2,000 ሜትር በታች ተነስቶ ከ3,500 ሜትር በላይ ይወጣል፣ አየሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ በአንድ ቀን እግር ጉዞ ውርጭ ከሚመታው እስከ ወይና ደጋው ድረስ ትወርዳላችሁ፣ ዛፉም አብሮ ይቀያየራል። በር የሌለው ባለ ብዙ ክፍል ቤት ነው። እንደዛ አስቡትና ግቡ።

ጊዜ ስትመርጡ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ያዙ። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጉሙም ከእጃችሁ በላይ አያሳይም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ግን ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሰው ጠይቁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለና ይሄን እንዳትዘሉት። አስጎብኚና የመግቢያ ክፍያም እዚያው ወረዳ ከተማው ላይ ይጠየቃል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አንኮበር ወደ 40 ኪሎ ሜትር። ሌላው ምርጫ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና መውረድ ነው፣ ያኔ ግን ከታች ወደ ላይ ትወጣላችሁ። እኔ የምመክረው ከላይ መጀመርን ነው። ደብረ ብርሃን እደሩና ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። ጋቢ ወይም ወፈር ያለ ሹራብ፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎና በሶ። ከሁሉም በላይ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ስም ግን አይነግራችሁም። አንድ ዛፍ ስታዩ የቅጠሉን ፊትም ጀርባም፣ ልጡንም፣ ፍሬውንም አንሱ፣ ከዚያ አስጎብኚያችሁ የሚጠራበትን ስም እዚያው ጻፉ። ነገ ብላችሁ ካሳደራችሁት ይጠፋል።

አስጎብኚ የግድ ነው። የአካባቢው ሰው ይሁን፣ ሒሳቡን ጠዋት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። አንዴ እኔና ጓደኞቼ «መንገዱ ያው ቁልቁለት ነው» ብለን ብቻችንን ገባን። ከሰዓት ጉም ወረደ። አንድ ጅረት ሁለት ጊዜ ተሻገርን፣ በኋላ አህያ የሚነዱ አባት አግኝተውን «ልጆቼ፣ ወዴት ናችሁ?» ብለው እስከ መንደሩ አደረሱን። እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ገብቼ አላውቅም።

የላይኛው ክፍል የጅብራና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ጅብራው ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል። ዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም አበባ ያወጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ስለዚህ ያበበ ጅብራ ካገኛችሁ ቆም በሉ፣ የዚያን ዛፍ ብቸኛ አበባ ነው የምታዩት። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ካደሩበት ገደል ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ታዩታላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም፣ ኑሯቸው ሣር መጋጥ ነው። ምግብ አትስጧቸው፣ አንዴ ከለመዱ የገበሬው ማሳ ላይ ነው የሚሄዱት። ገደሉ ጫፍ ላይ ቡናማ ትንንሽ ወፎች ተሰብስበው ካያችሁም ልብ በሉ። በ1976 በፈረንጆች እዚሁ አካባቢ ተገኝታ በአንኮበር ስም የተጠራችው ወፍ ልትሆን ትችላለች።

ዝቅ ስትሉ አምጃ ይመጣል፣ ደማቅ ቢጫ አበባ ያለው። ከዚያ ኮሶ። ኮሶ ላይ ጊዜ ስጡ። ልጡ እየተላጠ ቀይ ቡኒ ይመስላል፣ አበባው በዘለላ ይንጠለጠላል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው፣ ቀላ የሚለው የሴቴዋ ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት እሱን ነው። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት፣ መጠኑ ከበዛ መርዝ ነው።

ከሁሉ የምወደው ቀጣዩ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ተቃቅፈው የቆሙበት። አየሩ ይሞቃል፣ ጋቢውን ታወልቃላችሁ፣ መሬቱ በቅጠል ስለተሸፈነ የእግራችሁ ድምፅ ይጠፋል። ጥድና ዝግባን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ጥዱን በጣት አሸት ብታደርጉት ይሸታል፣ ቅጠሉ ቅርፊት ቅርፊት ነው፣ ፍሬው ትንሽና ሰማያዊ መሳይ። ዝግባው ረዘም ያለ ለስላሳ ቅጠል አለው፣ ፍሬው ድቡልቡል አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል ቢጫ ይሆናል። ቁመቱም ከ40 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ጫፉን ለማየት አንገት ያማል።

ወይራን አስጎብኚያችን ያሳየን እንዲህ ነው። አንድ ቅጠል መሬት ከወደቀው አነሳ፣ ዛፉ ላይ ካለው አልቆረጠም። ፊቱን አሳየን፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ። ገለበጠው። ጀርባው ወርቅማ ቡኒ። «እዩት፣ ጀርባውን ሳታዩ ወይራ ነው አትበሉ» አለን። ከዚያ ደረቅ ስንጥር አስሸተተን። የእናቴ ቤት ነው የሸተተኝ፣ ጠላ ከመጠንሰሷ በፊት ጋኑን በወይራ ስታጥን። ዛፉን በልጅነቴ ሙሉ በጭሱ ሳውቀው ኖሬ ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጥቁር እንጨት ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒት ይፈለጋል። በዚህ የተነሳ በብዙ የአፍሪካ አገር ተልጦ ደርቋል፣ ዛሬ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር አለበት። ወፍ ዋሻ ውስጥ ልጡ የተነካ ዛፍ ካያችሁ ለአስጎብኚው ንገሩት። ቀና ብትሉ ደግሞ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ታገኛላችሁ፣ ጥቁርና ነጭ። ነጭ በነጭ የሆነ ግልገል ካቀፈች በቅርቡ ወልዳለች ማለት ነው፣ ግልገሉ ሲወለድ እንደዛ ነው። ዝም በሉ፣ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

ከደኑ ምንም አታውጡ። ችግኝ ነቅለው በፌስታል ሸጉጠው የሚወጡ ሰዎች አይቻለሁ፣ አይጸድቅላቸውም፣ ደኑም ይጎዳል። ኮሶ ወይም ጥድ ግቢያችሁ እንዲኖር ከፈለጋችሁ ሐምሌ ላይ ከችግኝ ጣቢያ ውሰዱ። እሳት አታንድዱ፣ የውሃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እንጨት የጫነ አህያ ይዞ የሚያልፍ ሰው ብታዩ ፎቶ አታንሱት፣ ሰላም በሉት። ኑሮው እዚያ ነው። ጣውላ ልሽጥላችሁ ካላችሁ ግን አትግዙ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ መኪናው። ከላይ ከገባችሁ ወደ ላይ መመለስ የሁለት ቀን ያህል ያደክማል። ሹፌሩ ዞሮ ከታች በኩል እንዲጠብቃችሁ ጠዋቱኑ ተስማሙ፣ ቦታውንም አስጎብኚው በስልክ ያስረዳው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው እየተጎተተ መውጣት ይጀምራል። ያኔ እናንተ መኪናው ውስጥ ሁኑ፣ እሱ ጥዱ ላይ ሲወጣ በመስኮት ታዩታላችሁ።