ደብረ ብርሃን ላይ ካፌ ለምትከፍቱ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ፎቶግራፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ አድርገው ይሥሩልኝ» አለኝ። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ቤት ወለሉ የሚያንጸባርቅ ነጭ ሴራሚክ፣ ወንበሩ ብረት፣ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ባሕርና ዘንባባ ይታያል። የልጁ ቤት ያለው ግን ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ በሚያድርበት ከተማ። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ታፔላ ጻፊ ነበርኩ፤ በኋላ የካፌዎችንና የሱቆችን ውስጥ ማስዋብ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የያዘ ልጅ ስንት ጊዜ እንደመጣብኝ መቁጠር ትቻለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከሁሉም የሚከፋው ብርዱን መርሳት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ምክሬን ገፍቶ ቤቱን በሴራሚክና በብረት ሞላው። የተከፈተው በግንቦት ስለነበር ሰው ጎረፈ። ሐምሌ ሲገባ ግን ያው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ውስጡን እያየ ወደ ጎረቤቱ አሮጌ ሻይ ቤት ይሻገር ጀመር። አሮጌው ሻይ ቤት በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ፣ በመደቡ ላይ አጎዛ፣ ጥግ ላይ የሚፈላ ጀበና ነበረው። ሌላ ምንም አልነበረውም። ቤቱን ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ቀን በማለዳ ግቡና ፀሐይ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደምታርፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መደቡን እዚያ ሥሩት። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ ሰፊ መስታወት በእነዚያ ወራት ከብርድ በቀር የሚያስገባው ነገር የለም።

ይህን ስል ሰሜን ሸዋ ሁሉ ብርድ ነው ማለቴ አይደለም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጋቢያችሁን ከትከሻችሁ ታወርዳላችሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሸሚዛችሁም ይከብዳችኋል። እዚያ ላለ ቤት ጥላና ነፋስ ፈልጉለት። ደብረ ብርሃን ያየሁትን አጎዛ እዚያ ወስዶ ያነጠፈ ሰው አውቃለሁ።

የበግ ጸጉር ካነሳን፣ በዚህ ዓለም ላይ ከተሠራ ጌጥ ሁሉ አብልጬ የምወደው የመንዝ ባና፣ ከበግ ጸጉር የሚሸመነው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ለስስ ሹራብ አይመችም፤ ለባናና ለምንጣፍ ግን ተስማሚ ነው። ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ግራጫውና ነጩ በጉ ጀርባ ላይ እንደነበረ በእጅ ተፈትሎ ሲሸመን እርስ በርሱ የማይጣላ ቀለም ይሆናል። ታዲያ ሰው ሄዶ ሸማኔውን «ሐምራዊና ብርቱካናማ አድርገህ ንከርልኝ» ይለዋል! እባካችሁ ተዉት። በፈላ ውኃም አትጠቡት፤ ይኮማተርና እንደ ሰሌን ይደርቃል። እኔ ራሴ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። ከአንዲት አሮጊት የገዛሁትን ጥቁር ባና ገና በደንብ ባልደረቀ ሲሚንቶ ላይ አነጠፍኩት፤ እርጥበቱ ከሥር ያዘው፣ ከዚያ ብል ገባበት። ገልጬ ሳየው ግማሹ ሄዷል። እጃቸው ላይ ስንት ወር እንደፈጀ ነግረውኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባና በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይራገፋል፤ ከሲሚንቶው በታች እርጥበት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ጣውላ ይነጠፋል።

አሁን ወደ ታፔላው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

«ኘ» እና «ፕ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ኘ» «አገኘ» ብለን ስንጽፍ መጨረሻ ላይ የምትገኘዋ ናት። ይህን ማንኛውም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ሆኖም በዋናው መንገድ ላይ ከላይ እስከ ታች ብትሄዱ «ኘላዛ»፣ «ሱኘር ማርኬት»፣ «ኘሪንት» የሚል ጽሑፍ ታነብባላችሁ፤ ያውም አንድ ሜትር ቁመት ባለው፣ ሌሊት በሚበራ ላይትቦክስ ላይ። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው ልጅ መልኩ ስለተመሳሰለለት ይጠቀምበታል፤ ባለቤቱ አያነብም፤ አታሚው ያትማል። ሦስት ሰው እጅ ላይ ያለፈ ስህተት ለዓመታት ይሰቀላል። ገንዘባችሁን የምትከፍሉበት ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡት። ታፔላው ላይ «ሥጋ»፣ በሩ ላይ «ስጋ»፣ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ እንደገና ሌላ ከሆነም ቤቱ ስሙን የማያውቅ ይመስላል።

ሁለተኛው በደል መለጠጥ ነው። የፊደላችን መልክ ከብራናና ከመቃ ብዕር የመጣ ነው፦ ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን። ኮምፒውተር ላይ ቦታ ለመሙላት ብላችሁ ወደ ጎን ስትጎትቱት ቋሚው ያብጣል፣ እግሩ ያጥራል፣ ፊደሉ ውኃ የነካው እንጀራ ይሆናል። በዚያ ላይ ጥላና ወፍራም ጠርዝ ይጨመርበታል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በቀኙ እግር ላይ ያለች ትንሽ ቅጥል ናት፤ ለ«ቡ» ከወገቡ፣ ለ«ቢ» ከግርጌው ትወጣለች። ጥላው ቅጥሏን ሲውጣት «ቡና» የሚለውን ሰው በግምት ነው የሚያነብበው። የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ማግዘፍም ተዉ፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም።

ስጀምር አንድ ምግብ ቤት ታፔላ ጻፍኩ። ፊደሎቹን ቆጥሬ ቆርቆሮውን እኩል ከፋፈልኩት። ነገር ግን «ጠ» እና «ሐ» ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ «ነ» እና «ገ» ጠባብ ናቸው። መጨረሻ ላይ ቦታ አለቀብኝና «ት»ን ጠርዙ ላይ አጣብቄ ጨረስኩ። ባለቤቷ እማማ ቃል ሳይናገሩ ከፈሉኝ። ታፔላው ስድስት ዓመት ተሰቀለ፤ እኔም በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ማለት አቃተኝ። በመጨረሻ ሄጄ ያለ ክፍያ አዲስ ጻፍኩላቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ለምጄው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ጽሑፍ በጠመኔ ሳልነድፍ ብሩሼን ቀለም አላስነካም፤ የምነድፈውም ከመካከል ወደ ዳርና ዳር ነው።

«ባህላዊ ይሁን» የሚለው ትእዛዝ ሌላው ራስ ምታቴ ነው። ጭራ የሌለው ማሲንቆ፣ ጅማቱ የተበጠሰ ክራር፣ መሶብ፣ ጋሻና የፕላስቲክ አበባ በአንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው ያለው፤ እርሷን ነቅላችሁ ከሰቀላችሁት የቀረው እንጨትና ቆዳ ነው። አንድ ዕቃ ምረጡ፣ የሚሠራ ይሁን፣ አንድ ሰው አንሥቶ ሊጫወትበት በሚችልበት ከፍታ ላይ አስቀምጡት። እኔ የሠራሁት አንድ ቤት ውስጥ ክራሩ መደቡ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ መምህር መጥቶ ይቃኘዋል። ቤቱ ሌላ ጌጥ አላስፈለገውም።

ሙዚቃውን በሚመለከት፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አታዙሩ። ሦስት ካፌ ጎን ለጎን ሦስት ዘፈን ሲለቅቁ በመካከል የቆመ ሰው አንዱንም አይሰማም። ወደ ውስጥም ቢሆን ሴራሚክና መስታወት ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ፤ ሰው ጮኾ ያወራል፣ አስተናጋጁ ሙዚቃውን ይጨምራል፣ ሰው የበለጠ ይጮኻል። ግድግዳ ላይ የተዘረጋ አንድ ባና ይህን ጩኸት ይውጠዋል። ከብርዱ ሌላ ለባና የቆምኩበት ምክንያት ይህ ነው።

ቀን ሙሉ ትዝታ የሚለቅቁ አሉ። አራት ቅኝት እያለን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ስለምን ከጠዋት እስከ ማታ በአንዱ? ትዝታ ሁልጊዜ ሲሰማ ትዝታነቱ ይሞታል። የእኔ ምርጫ ጠዋት ዋሽንት ብቻውን፣ ቀትር ላይ ባቲ ነው፤ ትዝታን ለነሐሴ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አቆየዋለሁ። አንቺሆዬ ሠርግ ይሸታል፤ የጥር ነው። በዐቢይ ጾም በገና የምትከፍቱ ደግሞ አስቡበት፦ በገና ጸሎት ነው። ማኪያቶ የሚያፈላው ማሽን እየጮኸ፣ ሰው ስለ ቤት ኪራይ እየተጨቃጨቀ ከሥሩ የሚጎርፍ ድምፅ አይደለም። ካልተደመጠ ባይከፈት ይሻላል።

አስተናጋጆቻችሁን በታኅሣሥ ስስ የሐበሻ ቀሚስ አታልብሱ። ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እንግዳውም ያያል። ካባ ወይም ጋቢ ስጧቸው።

ሰማያዊና ቀይ የሚያበራ አምፖል የምግብን ቀለም ያጠፋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት በቆረቆሯት ከተማ ጥብስ ግራጫ ሆኖ ሲቀርብ ያሳዝነኛል።

ፎቶግራፍ ያመጣው ልጅ ሦስቱን ማለዳ ገብቶ ምልክት አደረገ። ፀሐይ የምታርፈው እርሱ ባንኮኒ ሊሠራበት ያሰበው ቦታ ላይ ሆነ፤ ባንኮኒው ወደ ውስጥ ተገፋ፣ መደቡ ተሠራ። ወለሉ ላይ ገና አልተስማማንም፤ ሴራሚኩን አስቀድሞ ገዝቶታልና ወደ ወጥ ቤቱ እንድናዞረው እየለመንኩት ነው። ታፔላው ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ ይጻፋል። ጠመኔው ተነድፏል፤ ነገ ጠዋት ሁለታችን ከመንገዱ ማዶ ቆመን ፊደል በፊደል እናነበዋለን፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙን እከፍታለሁ።