ቦርጭ ሲገፋ ጭንቅላት ምን ይሆናል? ወንዶች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለው ልብስ ሰፊዬ ወገቤን ለካና ሜትሩን አሳየኝ። 103 ሴንቲ ሜትር። «ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቦርጭን የምቾት ምልክት ማድረግ

ይሄ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለጤና ያሰጋል። ከ102 ካለፈ ስጋቱ በጣም ይጨምራል። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም፣ ሥራ አለው። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይዟል፤ በዚህ ኢንዛይም የወንዱን ሆርሞን ቴስቶስትሮንን ወደ ሴቷ ሆርሞን ኢስትሮጅን ይቀይራል። ከዚህም በላይ ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይሄንን መቆጣት ነው።

ችግሩን ከወገብ በታች ብቻ መፈለግ

ስንፈተ ወሲብ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ቦታ ነው። ትዕዛዙ የሚነሳው ግን ከጭንቅላት ነው። አንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽዬ ክፍል አለ። እሱ በየተወሰነ ጊዜ ለፒቱታሪ ዕጢ ምልክት ይልካል። ፒቱታሪ ደግሞ በደም በኩል የዘር ፍሬን «አምርት» ይለዋል። ቴስቶስትሮን የሚመረተው ያኔ ነው።

ታዲያ ቅባት የበዛበት መኖ የበሉ አይጦች ሃይፖታላመሳቸው በቀናት ውስጥ ይቆጣል፤ ያውም ገና ሳይወፍሩ። ወንዶቹ አይጦች ከወፈሩ በኋላ ሲታዩ ደግሞ ከፒቱታሪ የሚወጣው ትዕዛዝም፣ ቴስቶስትሮኑም ቀንሶ ተገኝቷል። አይጥ ሰው አይደለም፣ ልክ ነው። ግን ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩም እዚያው ሃይፖታላመስ ላይ የመቆጣት ምልክት ታይቷል።

በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፤ «ጠግበናል» የሚለውን መልእክት የሚሰማውም ይኸው ክፍል ነው። መልእክቱን የሚልከው ስቡ ራሱ ነው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በታወቀው ሌፕቲን በተባለ ሆርሞን አማካይነት። ሃይፖታላመስ ሲቆጣ ጆሮው ይደፈናል። ስለዚህ ሰውዬው ወፍሮም ይርበዋል። ቴስቶስትሮን ሲያንስ ደግሞ ስብ በቀላሉ ይከማቻል። ዙሩ እንዲህ ይከራል።

ከበርጫ ማግስት መመርመር

ይሄን የሠራሁት እኔው ነኝ። ሌሊቱን በጫት ምርቃና አንግቼ፣ በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለቴስቶስትሮን ምርመራ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ። ደነገጥኩ። መቼ እንደተኛሁ የጠየቀኝም የለም።

ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ከሰዓት ይወርዳል። ምርመራው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይቀመስ መሆን አለበት። ካነሰ በሌላ ቀን ይደገማል። እንቅልፍም ወሳኝ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ፣ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። ሌላም አለ። ወፍራም ሰው ላይ ቴስቶስትሮንን ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን ስለሚቀንስ፣ አጠቃላዩ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ነፃውን፣ ማለትም ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀውን ቴስቶስትሮንም ሐኪሙን ጠይቁት።

ወደ መርፌ መሮጥ

ጂም ቤት «አንድ መርፌ ብቻ» የሚል አይጠፋም። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትዕዛዙን ያቆማል። የዘር ፍሬም ሥራ ይፈታል፣ የሚያመርተው ዘር ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ልጅ ፈልጎ መርፌ የሚወጋ ሰው መንገዱን ገልብጦታል። በሐኪም ተረጋግጦ የሚታዘዝለት ሰው አለ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ጫት ያከሳል» ብሎ መጽናናት

ምግብ ይዘጋል፣ እውነት ነው። ግን አብሮት የሚወርደውን ለስላሳ ማን ይቁጠረው? አንዱ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ምርቃናው ሲሰበር ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ጥብስ ይታዘዛል።

ትንሽ ኪሎ መቀነስን መናቅ

ከክብደት 10 በመቶ ያህል መቀነስ ቴስቶስትሮንን ያለ መድኃኒት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለእኔ ለ98 ኪሎው ይሄ ወደ 10 ኪሎ ነው። 7ቱን ጨርሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግሬ እወጣለሁ። ባጃጆቹ አጠገቤ እየቆሙ «ግባ!» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን ላስጠብብ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። 97 ሴንቲ ሜትር። ሜትሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሞህ ነበር እንዴ?» አለኝ።