ልጡ ራሰ ብለው አይተኙ

ለገመድ የሚሆን ልጥ ዘፍዝፈው የሚረሱ ሰዎች ያናድዱኛል። «ሁለት ሳምንት ይቆይ ተብሏል» ይሉና ሁለት ሳምንት ሙሉ ዞር ብለው አያዩትም። ማን ነው ያለው? ልጡን የሚያላቅቀው ባክቴሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀን አይቆጥርም። ቃጫውን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀውን ፔክቲን የሚባል ሙጫ ይበላል። ውኃው ሞቅ ሲል ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎተታል። የተልባ ግንድ ለብ ባለ ውኃ በሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ በጤዛ ብቻ ሲሆን ግን ሳምንታት ይፈጃል። ቶሎ ከወጣ ቃጫው እንጨቱን አልለቅም ይላል። ከዘገየ ደግሞ ሙጫው አልቆ ተራው የቃጫው ይሆናል። ያኔ ሳብ ሲያደርጉት እንደ ራሰ ወረቀት ይበጣጠሳል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ዘንግ አውጥተው ይስበሩ። ቃጫው ሳይታገል ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተላቀቀ ደርሷል፤ ያውጡት፣ ይጠቡት፣ ያስጡት።

እኔም አንድ ጊዜ በርሜል ሙሉ ዘፍዝፌ መንገድ ሄጃለሁ። ስመለስ ከሩቅ የተቀበለኝ ሽታው ነው። በርሜሉ ውስጥ የቀረው አተላ ብቻ ነበር።

ወንዝ ውስጥም አይዘፍዝፉ። መበስበሱ የውኃውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣ ይፈጃል።

የቆመ ዛፍ ዙሪያውን አይላጥ። ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው በዚሁ በውስጠኛው ቅርፊት ነው። መንገዱ ከተቋረጠ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም ይሞታል። ለመለማመጃ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቃል።

ሲሳል ልጥ አይደለም፤ ከቅጠል የሚወጣ ቃጫ ነው። ተልባ፣ ጁት (ጆንያ የሚሠራበት ተክል)ና ሳማ ግን ከግንዳቸው ልጥ ይሰጣሉ።

ውኃ የጠገበ ልጥ አይገመድ። ሲደርቅ ይኮማተርና ገመዱ ይላላል። ጨመቅ አድርገው እርጥበቱ ብቻ ሲቀር ይጀምሩ።

«ገመዱ ለምን ይተረተርብኛል?» ለሚሉኝ ጀማሪዎች ግን አንጀቴ አይጨክንም፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ስህተታቸው ክሮቹን ወደ ቀኝ አክርረው አንድ ላይ ሲገምዷቸውም ወደ ቀኝ መጠምዘዛቸው ነው። ግመዳው ወደ ግራ መሆን አለበት፤ ያኔ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ፈረንሳይ ውስጥ አብሪ ዱ ማራስ በተባለ ቦታ ከ40,000 ዓመት በላይ የቆየች የኒያንደርታሎች (የጠፉ የጥንት ሰው ዘመዶች) ገመድ ቁራጭ ተገኝታለች። ርዝመቷ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይፋ የሆነችውም እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከዛፍ ልጥ በተሠሩ ሦስት ክሮች፣ ልክ በዚሁ የተቃራኒ ዘዴ የተገመደች ናት።

ሌላው ስህተት፣ ሁለቱን ክር አንድ ቦታ ላይ መቀጠል ነው። ገመዱ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ሲጀምሩ አንዱን ክር ከሌላው ያሳጥሩት፤ መቀጠያዎቹ በራሳቸው ይራራቃሉ።