ለቤትዎ ወለል ሴራሚክ፣ እንጨት ወይስ ምንጣፍ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የሴራሚክ ወለል በተለይ በክረምት እግርን ያቀዘቅዛል፤ ሆኖም ለማእድ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ከእሱ የተሻለ የለም። ሲገዙ ለስብራትና ለቆረጣ 10 በመቶ ያህል ይጨምሩ፤ የመታጠቢያ ቤቱም የማያንሸራትት ሻካራ ዓይነት ይሁን።

ለመኝታ ቤት ፓርኬት ይስማማል። ነገር ግን በአራት ኪሎም ሆነ በካዛንቺስ፣ ቤቱ ምድር ላይ ያረፈ ከሆነ፣ ከማስነጠፍዎ በፊት አንድ ሜትር ካሬ ላስቲክ በደረቀው ኮንክሪት ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው ለ3 ቀናት ይተዉት፤ ከሥሩ ጤዛ ከታየ፣ እርጥበቱ ሳይወገድ እንጨት አይነጠፍም።

ወለሉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ምንጣፍ ግን አልመክርም፤ አቧራ ከመያዙም በላይ፣ ቡና በሚፈላበት ሳሎን ከከሰል ምድጃው የምትፈናጠር አንዲት ፍንጣሪ ትበሳዋለች። ሙቀት ለሚፈልግ፣ ተነሥቶ የሚታጠብ አነስተኛ ምንጣፍ በሴራሚኩ ላይ ማንጠፍ ይበቃል።